በረዶውን በምን እናድሰው? በእጅ፣ በጋዝ፣ በባትሪ ወይስ ጨርሶ በፕላስቲክ

ባለፈው ወር ሜክሲኮ አካባቢ ከአክስቴ ልጅ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ስልኩን አወጣና የአንድ ማሽን ፎቶ አሳየኝ። «ይሄን ላስመጣው ነው፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይቶ የበረዶ ስኬቲንግ ሜዳ ሊከፍት አስቧል። በረዶው የሚያርፍበት ቦታ 200 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ግን ሙሉ የሆኪ ሜዳ የሚያድስ፣ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ትልቅ መኪና ነው። ሙሉ የሆኪ ሜዳ ማለት 60 ሜትር በ26 ወይም በ30 ነው። የእሱን ስምንት እጥፍ ያህል!

ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራን። እኔ ቶሮንቶ እያለሁ አንድ የሰፈር ስኬቲንግ ሜዳ ውስጥ አምስት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ፤ ሥራዬም በረዶውን መፋቅ፣ ማጠብ፣ ማደስ ነበር። እሱ ብቻ አይደለም የሚጠይቀኝ። መስቀል አደባባይ ላይ ልጆች ሮለር ስኬት አስረው ሲበሩ ያየ ሰው ሁሉ «በረዶ ቢሆንስ?» ማለት ጀምሯል። ስለዚህ ለእሱ ያልኩትን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ፣ ማደስ ማለት ምን እንደሆነ

ብዙ ሰው በረዶ ላይ ውሃ መድፋት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። የስኬት ጫማው ስለት በረዶውን ይቧጭራል፣ የጫማው ጫፍ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ የተፋቀው ዱቄት ላዩ ላይ ይጠራቀማል። በዚያ ላይ ውሃ ብትደፉበት ዱቄቱ ከውሃው ጋር ይረጋና ሸካራ፣ ነጭ፣ ተሰባሪ ሽፋን ይሆናል። ስለዚህ ሥራው አራት እርምጃ አለው፦ በስለት መፋቅ፣ ፍቅፋቂውን ማንሳት፣ ጭረቱ ውስጥ የገባውን ቆሻሻ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ስስ ንጹህ ውሃ በፎጣ እኩል አድርጎ ማልበስ።

ፍራንክ ዛምቦኒ የሚባለው ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ የበረዶ ብሎክ ይሸጥ ነበር። ፍሪጅ እየተለመደ ገበያው ሲቀዘቅዝበት እ.ኤ.አ. በ1940 ከወንድሙና ከዘመዱ ጋር የስኬቲንግ ሜዳ ከፈተ። ያኔ ይህን ሥራ ብዙ ሠራተኞች ተረባርበው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባቸው ነበር። ለዓመታት ከሞከረ በኋላ በ1949 አራቱንም እርምጃ በአንድ ዙር የሚሠራ መኪና አወጣ። ዛሬ ስሙ የማሽኑ መጠሪያ ሆኗል፤ ሌላ ድርጅት የሠራውንም ሰው ዛምቦኒ ነው የሚለው። ግን ዛምቦኒ ይህን የሠራው ለትልቅ ሜዳ ነው። ለትንሽ ሜዳ የድሮው የእጅ ሥራ አሁንም አላረጀም።

በእጅ

ከ300 ካሬ ሜትር በታች ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ። የሚያስፈልገው ረጅም እጀታ ያለው ሰፊ የብረት መፋቂያ፣ አካፋ፣ እና በርሜል የተጫነበት ጋሪ ነው። ከጋሪው ኋላ በመስመር የተበሳ ቱቦ አለ፤ ከቱቦው በታች ወፍራም ፎጣ ይንጠለጠላል። ጋሪውን እየጎተታችሁ ስትሄዱ ውሃው በቱቦው ቀዳዳ ይወርዳል፣ ፎጣው ያስተካክለዋል። በቃ። ይህን ከውጭ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ምናለሽ ተራ ያሉ የብረት ሠራተኞች ሥዕሉን ካዩ ይሠሩታል። ጎማው ለስላሳ ይሁን፣ ቀዳዳዎቹ እኩል ይሁኑ፣ ቧንቧው በአንድ እጅ ቶሎ የሚዘጋ ይሁን። የመጨረሻዋን ነገር አደራ። ጋሪው ቆሞ ውሃው ከቀጠለ እዚያው ጉብታ ይሠራል፤ ጉብታውን መፋቅ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሁለት የለመዱ ሰዎች 200 ካሬ ሜትር በሃያ ደቂቃ ይጨርሳሉ። ለመልመድ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ስጧቸው። የእጅ ሥራ ትልቁ ድክመት መፋቁ ላይ ነው፤ ሰው ሲደክመው እጁ ይቀላል፣ አንዱ ቦታ በደንብ ይፋቃል፣ ሌላው ይዘለላል። ከወር በኋላ በረዶው መሃሉ ጎድጉዶ ዳሩ አብጦ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን በትንሽ መሰርሰሪያ ቀዳዳ እየበሳችሁ ውፍረቱን ለኩ። ከ2.5 እስከ 3.5 ሴንቲሜትር መካከል ይሁን። በረዶ ራሱ ቅዝቃዜ በደንብ አያሳልፍም፤ በወፈረ ቁጥር ማቀዝቀዣው ላዩን አጠንክሮ ለማቆየት ያለ እረፍት ይሠራል፣ መብራት ይበላል። ከሳሳ ደግሞ ስለቱ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ላይ ወይም የማቀዝቀዣው ቱቦ ላይ ይደርሳል። እሱ ከደረሰ ሜዳው ተዘጋ ማለት ነው።

በጋዝ የሚሠራ ትልቅ ማሽን

እዚህ ላይ ሳልሸፋፍን ልናገር፦ ቤት ውስጥ አታስገቡት።

እኔ በሠራሁበት ቦታ አሮጌ የጋዝ ማሽን ነበር። አንድ ክረምት ሌሊት የአየር ማስወጫው ማራገቢያ ተበላሽቶ ማንም ሳያውቅ ሦስት ዙር አደስኩ። ራሴን ሊያፈርሰኝ ደረሰ። አፌ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም መጣ፣ አብሮኝ የነበረው ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አስመለሰው። ወጥተን ደጅ ያለው በረዶ ላይ ተኛን፣ አየር ለማግኘት። ያን ሌሊት ትንሽ ብንቆይ ምን ይሆን እንደነበር እስከ ዛሬ ሳስበው ይጨንቀኛል። ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑ የተቀየረው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሞተሩ ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በረዶው ላይ ያለው አየር ቀዝቃዛና ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ አይወጣም፤ በመከለያው ቦርድ ታጥሮ እዚያው ይተኛል። ልጆች የሚተነፍሱት በትክክል በዚያ ቁመት ላይ ነው። በአሜሪካ እንደ ሚኒሶታና ማሳቹሴትስ ያሉ ግዛቶች የስኬቲንግ ሜዳዎች የቤት ውስጥ አየራቸውን እንዲለኩ በሕግ የሚያስገድዱት በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የነዳጁና የአየሩ ቅልቅል ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ደግሞ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይጨምራል። እኛም የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻ አገር ያነሰ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይከብዳል። የሲሊንደር ጋዝ እንደ ልብ የማይገኝበትን ቀን ገና ሳልጨምር ማለት ነው። «ርካሽ ነው» አለኝ የአክስቴ ልጅ። ርካሽ የሆነው ሌላው አገር እየተወው ስለመጣ ነው አልኩት።

ባትሪ፦ ትልቁና ትንሹ

ትልቁ የባትሪ ማሽን ጭስ የለውም፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፣ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሙሉ ሜዳ ያድሳል። በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። ግን አዲሱ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ከባንክ ወረፋው ጋር እናንተው አስሉት። ክብደቱ ደግሞ ውሃ ሲሞላ ከ4 ቶን ያልፋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ! መሐንዲሱ ወለሉን የሠራው ለቢሮ ወይም ለሱቅ ከሆነ ይህን ጭነት አራት ጎማ ላይ ለመሸከም አልታሰበም። የወለሉን አቅም የሚገልጽ ሰነድ ሳታዩ እንዳትፈርሙ። መዞሪያም ይፈልጋል፤ ከ200 ካሬ ሜትር ላይ መዞሪያውን ብታነሱለት የሚታደሰው ቦታ ትንሽ ነው።

ትንሹ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ሰው ከኋላው እየሄደ የሚገፋው፣ ወይም በትንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ የሚጎተት ማሽን አለ። ስለት አለው፣ ትንሽ የውሃ ታንክ አለው፣ ፎጣ አለው። አንዳንዱ ፍቅፋቂውን ራሱ ይሰበስባል፣ አንዳንዱ ከኋላ በአካፋ ታነሳላችሁ። ከ300 እስከ 800 ካሬ ሜትር ላለው ሜዳ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የእጅ ሥራን ድክመት በትክክል የሚሞላውም እሱ ነው፤ የስለቱ ጥልቀት በብሎን ስለሚስተካከል ዛሬም ነገም እኩል ይፋቃል።

መካኒኩስ? ከአምስት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ ባትሪ እዚህ ማን ይጠግናል እል ነበር። አሁን ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የሚፈታ፣ ባትሪ የሚለካ፣ ቻርጀር የሚጠግን ልጅ ብዙ ነው። ይህ ከምትገምቱት በላይ ሚዛን ይደፋል። ባትሪውን ስትመርጡ ሊቲየሙን ውሰዱት፤ ተራው የአሲድ ባትሪ ክብደቱ ብዙ፣ ውሃ መጨመሩ ጣጣ፣ ቻርጅ ሲሆንም ጋዝ ያወጣል። ሊቲየሙ መጀመሪያ ላይ ይወደዳል እንጂ በመሃል ለግማሽ ሰዓት ብትሰኩት አይከፋውም። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ከተማ ይህች ትልቅ ነገር ናት።

የትኛውንም ብትገዙ የእጅ ጋሪውን አትጣሉት። እ.ኤ.አ. በ2010 የቫንኩቨር ኦሎምፒክ፣ የእኛው ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ በተወዳደረበት፣ የወንዶች 500 ሜትር የስኬቲንግ ውድድር ማደሻው ማሽን ተበላሽቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቋርጦ ነበር። በኋላ ከሌላዋ የካናዳ ከተማ ከካልጋሪ ሌላ ማሽን ተጭኖ መጣ። ካልጋሪ የሌለን እኛ ጋሪያችን ይኑረን።

ስለ ስለቱ አንድ ነገር

የትልቁ ማሽን ስለት ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፣ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ምላጭ ነው። የትንሹም ቢሆን ጣት ይቆርጣል። ሲቀየር መከለያው ላይ ሳይገባ ማንም እንዳይነካው፣ ሁለት ሰው ሁልጊዜ፣ ጓንት ሁልጊዜ። እዚህ ሌላ ችግር አለ፤ አቧራ። መሃል ከተማው ለዓመታት ሲፈርስና ሲሠራ ኖሯል፤ ካዛንቺስም ፒያሳም ቁፋሮውን አይታችኋል። ያ አቧራ በሰው ጫማ ይገባል፣ በረዶው ውስጥ ይረጋል፣ ስለቱን እንደ ሞረድ ያደነዝዘዋል። መግቢያው ላይ ጫማ ማውለቂያና ምንጣፍ አድርጉ፤ ከእያንዳንዱ እድሳት በፊት ደግሞ አንድ ሰው ዞሮ ማስቲካ፣ የፀጉር መርፌ፣ የከረሜላ ወረቀት ይልቀም። እኔ አንዴ በአንዲት የፀጉር መርፌ ምክንያት አዲስ ስለት ጥርሱ ወልቆ በረዶው ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አስምሮብኛል።

ጉድጓዶቹንም አትርሱ። ልጆች የሚሽከረከሩበት ቦታ ይቆፈራል። ከማደስ በፊት እርጥብ ፍቅፋቂ ጠቅጥቃችሁ አስተካክሉት፣ ጥቂት ደቂቃ ይርጋ።

ውሃው፦ ሙቅ ወይስ ቀዝቃዛ?

ለበረዶ ሙቅ ውሃ? አዎ። የተለመደው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ነው። ሙቁ ውሃ የድሮውን በረዶ ላዩን ትንሽ አቅልጦ ይዋሃደዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ይገባል፣ በውስጡም የሟሟ አየር ስለሚያንስ በረዶው ጥርት ያለና ጠንካራ ይሆናል። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፣ በእግርም ይሰማል።

ወጪው ግን አለ። 100 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 63 ዲግሪ ለማድረስ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በቀን አራት ጊዜ ካደሳችሁ 20 ሆነ። በዚያ ላይ ማቀዝቀዣው ያንን ሙቀት መልሶ ማውጣት አለበት፤ ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ሲተያይ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሥራ ነው። እኔ የምመክረው ጣሪያ ላይ የሶላር ውሃ ማሞቂያ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የአዲስ አበባ ፀሐይ 60 ዲግሪን ያለ ችግር ትሰጣችኋለች። ክረምት ላይ በመብራት ትደግፉታላችሁ። መብራት ጨርሶ የሌለበት ቀን በቀዝቃዛ ውሃ በጣም ስስ አድርጋችሁ አልብሱ፤ እንደ ሙቁ ባይሆንም ያሠራል።

ከሙቀቱ ይልቅ ግን የውሃው ንጽህና ላይ ብትከራከሩ ይሻላል። ማዕድን ያለው ውሃ ሲረጋ ደብዘዝ ያለ፣ የሚላላ በረዶ ይሠራል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ አለ፣ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓድ የሚመጣው አለ፤ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛዋል። ስለዚህ የራሳችሁን ቧንቧ አስመርምሩ። የጎረቤት ውጤት አይሠራላችሁም። ከበዛ ማጣሪያ ግዙ፣ ለ200 ካሬ ሜትር ትንሹ ይበቃል። በነገራችን ላይ «ፍልውሃ ቅርብ ነው፣ ሙቁን ውሃ ከመሬት ለምን አናመጣም?» ያለኝ ሰው ነበር። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን የፍልውሃ ውሃ የሚወደደው በማዕድኑ ነው፣ ለበረዶ ደግሞ ጠላቱ እሱ ነው።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ የሦስት ቀን የሚይዝ። የተፋቀውን በረዶ አትጣሉት። በርሜል ውስጥ ይቅለጥና ሽንት ቤት ይጠብበት። በቀን ብዙ ባልዲ ነው።

የፕላስቲኩ አማራጭ

ከፖሊኢትሊን የተሠራ ጠፍጣፋ ፓነል ነው፣ እንደ ንጣፍ ይገጣጠማል፣ እውነተኛ የስኬት ጫማ ይሄድበታል። ውሃ የለ፣ ማቀዝቀዣ የለ፣ መብራት ቢሄድም ጨዋታው አይቆምም። እድሳት የሚባል ነገር የለውም፤ በቫኪዩም መጥረግ፣ በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ፣ አንደኛው ገጽ ሲያረጅ ፓነሉን መገልበጥ።

ግን በረዶ አይደለም። እግር ይይዛል፣ መንሸራተቱ ያጥራል፣ የጫማው ስለት ቶሎ ይደንዛል። ስለዚህ የሚስል ሰውና መሣሪያ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። የፕላስቲኩ ፍቅፋቂ ልብስ ላይ ይጣበቃል። ጀማሪ ሕፃን ብዙም ልዩነቱን አያውቀውም። ውጭ አገር በረዶ ላይ የሄደ ሰው ግን ሁለት እርምጃ ሄዶ ያውቃል።

እኔ የምለው ይህ ነው። የራሳችሁ ጄኔሬተር ከሌላችሁና የህንፃው ባለቤት ለማቀዝቀዣው የሚሆን የመብራት መስመር ለብቻው ካልሰጣችሁ፣ ፕላስቲኩን ምረጡ። በየሁለት ቀኑ እየቀለጠ መልሶ የሚረጋ በረዶ ማንንም አያስደስትም። ጄኔሬተር ካለ ግን እውነተኛው በረዶ ይገባል፤ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን ማቀዝቀዣው ላይ ብቻ አድርጉ፣ በሩን ዝጉ፣ ሰው አስወጡ፣ ውሃ ጠብታ እንዳይነካው። ጥሩ ውፍረት ያለው በረዶ ለጥቂት ሰዓት ይታገሣል።

ክረምቱ የራሱ ጣጣ አለው። ሐምሌና ነሐሴ እርጥቡ አየር ሲገባ በረዶው ላይ ጉም ይቆማል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ጠብታው የወደቀበት ሁሉ ትንሽ ጉብታ ይሆናል። እርጥበት የሚመጥ ማሽን የግድ ነው። ማደሻ ማሽን ለመግዛት ከያዛችሁት ገንዘብ ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን እሱን አስቀድሙ።

የአክስቴ ልጅስ?

የጋዙን ትቶታል። ለመጀመሪያው ዓመት የእጅ ጋሪ በሁለት ሠራተኛ፣ ሶላር ማሞቂያ፣ ትንሽ የውሃ ማጣሪያ። ሰው ከበዛለትና ቀን ላይ ከአራት ጊዜ በላይ ማደስ ካስፈለገው የሚገፋውን የባትሪ ማሽን ያስመጣል። ለዚያ እንዲሆን የዕቃ ሊፍቱን በር ስፋትና የሚሸከመውን ኪሎ ሰኞ ሄደን እንለካለን። የወለሉንም ሰነድ ከህንፃው አስተዳደር ጠይቋል፣ እስካሁን አልሰጡትም። እሱ ሳይመጣ ቀብድ እንዳይከፍል ነግሬዋለሁ።